ዓይኗ የታሰረች ባዝራ

ኅዳር ገብቶ ጾመ ነቢያት ገና ሳይያዝ ያሉት ጥቂት ቀናት ለደጋ አደን የተሠሩ ናቸው። ክረምቱ ወጥቷል። መሬቱ ከላይ ደርቆ ከሥር ገና እርጥብ ስለሆነ ዱካ እንደ ማኅተም ይቀመጥበታል። ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጠዋት ጉም ይነሣል፣ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ የማዶው ተራራ በእጅ የሚነካ ይመስላል። የታደነውም ጾም ሳይገባ ይበላል። ጋሽ ኃይሉ ሁልጊዜ የሚመርጡት ይህንኑ ሰሞን ነበር።

እናንተ ልጆች፣ ይህን ጫማ ሰፍቼ እስክጨርስ ላውራችሁ፤ ጋሽ ኃይሉን አልደረሳችሁባቸውም። ቤታቸው እዚሁ ከጊዮርጊስ ጀርባ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፋቸው ቅርንፉድ የማይጠፋ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልሱን የሚወረውሩ የአራዳ ሰው ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ የውጭ አዳኞችን እየመሩ ያልረገጡት ተራራ የለም። ደርግ ሲመጣ ሥራው ቢቀዘቅዝም እሳቸው በዓመት አንዴ ፈቃድ አውጥተው መሄዳቸውን አልተዉም። እኔ ያኔ ሠራተኛ ሰፈር፣ አባቴ በተወልኝ ክፍል፣ ቦቲ ጫማና የጠመንጃ ማንገቻ እሰፋ ነበር። መጀመሪያ ማንገቻ ሊያሰፉ መጡ፤ ቀጥሎ ጫማ አሰፉ፤ ቀጥሎ እኔኑ ይዘውኝ ሄዱ። አዳኝ የሆንኩት እንዲህ ነው።

አሁን እናንተ ሻንጣችሁን አንጠልጥላችሁ ሐይቅ ዳር ልታድሩ ስትነሡ የሚጠይቃችሁ የለም። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ መውጣት ራሱ አንድ አደን ነበር። ለጠመንጃው ወረቀት፣ ለአደኑ ወረቀት፣ ከቀበሌ ደግሞ የይለፍ ወረቀት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ማኅተሙን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ «ጓድ ኃይሉ፣ አርሲ የሚሄዱት ለምን ጉዳይ ነው?» አላቸው።

«ብርድ ልበላ» አሉት።

«ብርድማ እዚህም አለ።»

«የእዚህን ለሰፊው ሕዝብ ትቼዋለሁ።»

ቢሮው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሊቀመንበሩ አፍጥጦ አያቸው፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠውና ማኅተሙን ደቅ አደረገው።

ፈቃዳችን ለአንድ ወንድ የደጋ አጋዘን ነበር። የደጋ አጋዘን ታውቃላችሁ? ከኛ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ወንዱ ግራጫ፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቀንዱ ተጠማዝዞ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሲቆም ጌታ የሚመስል እንስሳ ነው። የሚፈቀደውም ያረጀው ወንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ቤልጅግ ጠመንጃቸውን፣ እኔ ምንሽሬን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በአውቶቡስ ሄድን። በየኬላው ወርደን ወረቀት እያሳየን፣ በአሰላ አድርገን በቆጂ ገባን።

እዚያ የምትጠብቀን ዘሃራ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ፈረሶቹን የምታከራየው፣ ከብቶቹን ወደ ላይኛው ግጦሽ የምታወጣውና የምታወርደው ራሷ ናት። ዕድሜዋ አርባ ቢሆን ነው፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። በአርሲ ሴት ፈረስ ላይ ስትወጣ እኛ አውቶቡስ እንደምንሳፈረው ነው፤ ማንም ዞሮ አያይም። እሷ ስትወጣ ግን እኔ ዞሬ አየሁ። ባዝራዋ ዲማ ትባላለች፤ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ሴትየዋና ባዝራዋ አንድ ላይ የተወለዱ ይመስሉ ነበር።

ዘሃራ አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ቃል ሲጠፋት በኦሮምኛ ትሞላዋለች፣ ጋሽ ኃይሉም በኦሮምኛ ይመልሱላታል። ጭነቱን እያሰረች፣ «ወረቀታችሁ ለአጋዘን ብቻ ነው?» አለቻቸው።

«ለአንድ አጋዘን ብቻ።»

«ነብር ብታገኙስ?»

«ሰላምታ ሰጥተን እናልፈዋለን።»

ዘሃራ አልሳቀችም። «የዲማን ውርንጭላ ዓይኗ እያየ በልቶባታል። እሱ ሰላምታ አያውቅም» አለችና የጭነቱን ገመድ በጉልበቷ ተደግፋ አጠበቀችው።

የገብሱ እርሻ አለቀ፣ የኮሶው ዛፍ አለቀ፣ ቀጥሎ አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦ ብቻ የለበሰ ዳገት መጣ። ከአስታው በላይ ደግሞ ዛፍ የሚባል የለም፤ ጓሳ ሣርና እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ ጅብራ ብቻ። እዚያ ከፍታ ላይ ጥቂት እርምጃ ከሄዳችሁ በኋላ ልባችሁ ጆሯችሁ ውስጥ መምታት ይጀምራል። እኔ ፈረስ እየጎተትኩ ሳለከልክ ጋሽ ኃይሉ ቅርንፉዳቸውን እያላመጡ፣ «ቀስ በል መኮንን። ተራራ የሚያከብረው ቀስ የሚለውን ነው» አሉኝ።

አናቱን ስንሻገር ሐይቁ ከሥራችን ታየ። ስሙ ሐሮ ጉራቻ ነው፣ ጥቁር ሐይቅ። በሦስት በኩል ገደል ከቦት፣ በአንድ በኩል ብቻ ለእንስሳ መውረጃ ትቶለታል። ውሃው እውነትም ጥቁር ነው፤ ግን ጥቁረቱ የንጹሕ ነገር ጥቁረት ነው፣ እንደ ፈረስ ዓይን። ነፋስ አልነበረም። ገደሉ ከነስንጥቁ ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፤ ጋጋኖ የሚባሉት ወፎች ጩኸት ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተላተመ ይመለሳል። ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ሳላውቀው አወለቅሁ። እሳቸው ቦታውን ደጋግመው አይተውታል፤ ያም ሆኖ ሁልጊዜ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያደርጉት ይህንኑ እንደሆነ በኋላ ነገሩኝ።

ድንኳን አልያዝንም። ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ የገባ አለት ነበር፤ አፉን በድንጋይ ካብነው፣ በላዩ አስታ ጣልንበት፣ ከሥራችን ጓሳ አጭደን አነጠፍን። ነፋስ ከየት እንደሚመጣ፣ ጭስ በየት እንደሚወጣ ዘሃራ በእርጥብ ጣቷ ፈትሻ ነው በሩን ያሳየችን። አስታ እርጥብ ሆኖም ይነዳል፤ ይህን አትርሱ። ምስር ቀቅለን ነበር፣ ማታም አልበሰለም፣ በማግስቱም አልበሰለም። ጋሽ ኃይሉ፣ «እዚህ ውሃው ይፈላል እንጂ አይግልም» ብለው በሶአቸውን በጠበጡ። ዘሃራ ከገብስና ከቅቤ የተሠራ ጩኮ ይዛ ነበር፤ ከዚያ አንድ ጉርሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ ብርድ ሲያባርር ይሰማችኋል።

ጠዋት ስነሣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሠርቷል። የሐይቁም ዳር ዳር እንደ መስታወት በሳሳ በረዶ ተለብጧል። አንድ ቀይ ቀበሮ ከእኛ ብዙም ሳይርቅ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አንገቱን አቀርቅሮ እንደ ድንጋይ ቆሟል። እንዳየነው ያውቃል፤ ደንታም የለው። ድንገት ዘለለ፣ ፍልፈሏን ይዞ ቀና አለ፣ ጅራቱን እያወዛወዘ ሄደ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። ከተማ ውስጥ ያ ሁሉ ስብሰባ፣ ያ ሁሉ ሰዓት እላፊ፣ ያ ሁሉ ሹክሹክታ፤ እዚህ ደግሞ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ ማንም ያልጮኸባት የምትመስል ጠዋት።

ከዚያ ዘሃራ ጠራችን። ከፈረሶቹ ማሰሪያ አጠገብ ክብ ዱካ አለ፤ ሰፊ መዳፍ፣ ጥፍር የሌለው። ጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይታይ ነበር። ጋሽ ኃይሉ ተንበረከኩ። «ሣሩን እዩት» አሉ። ዙሪያው ያለው ሣር ሁሉ ውርጭ ለብሷል፣ የተረገጠው ግን ውርጭ የለውም፣ ተሰባብሯል። ውርጩ ከወረደ በኋላ ነው ነብሩ ያለፈው ማለት ነው፣ ሊነጋጋ ሲል። እኛ ተኝተን እያለን ፈረሶቹን ዞሮ አይቷል።

«ለምን አልያዛቸውም?» አልኩ።

«እሳቱን ፈርቶ» አሉ ጋሽ ኃይሉ።

«አይደለም» አለች ዘሃራ፤ «ቦታ እየመረጠ ነው።»

አጋዘናችንን ያገኘነው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። አስታው ውስጥ ዱካውን ይዘን፣ ነፋሱን ከፊታችን አድርገን፣ በደረታችን እየተሳብን ወጣን። አሮጌ ነው፤ የቀንዱ ጫፍ ነጥቷል፣ ከመንጋው ተለይቶ ብቻውን ይግጣል። ጋሽ ኃይሉ ቤልጅጋቸውን ድንጋይ ላይ አጋደሙና ለረጅም ጊዜ አዩት። አይተኩሱም ብዬ ነበር። እንስሳው ቀና ብሎ ሐይቁን ሲያይ ተኮሱ። አንድ ጥይት፤ አንድ እርምጃ እንኳ አልሄደም፣ ባለበት ተንበረከከ። ድምፁ ገደሉን ዞሮ ሲመለስ እሳቸው ተነሥተው አማተቡ። ደስታ ፊታቸው ላይ አላየሁም። ምስጋና ነው ያየሁት።

ሥጋውን በፈረስ አውርደን ከማደሪያችን ራቅ አድርገን፣ ውሃው ዳር፣ በድንጋይ ከደንነው። ዘሃራ በመጫን አገዘችን፣ ከሥጋው ግን አልነካችም፤ እሷ እስላም ናት፣ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም፤ እኛም አላስቸገርናት።

በማግስቱ ጉሙ ከሌላው ቀን ሁሉ ከፋ። ነግቷል፣ ብርሃን አለ፣ ግን ብርሃኑ ራሱ ነጭ ግድግዳ ነው። ጋሽ ኃይሉ ጠመንጃቸውን አንግተው፣ ማንቆርቆሪያውን ይዘው፣ «ውሃ ላምጣ፤ ሥጋውንም ልየው» ብለው ወረዱ። እኔ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። ዘሃራ ከአለቱ ጎን ዲማን እየፈታች ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት የማንቆርቆሪያውን መንኳኳት ነው። ድንጋይ ላይ ወደቀና ተንከባለለ። ቀጥሎ መጋዝ ደረቅ እንጨት ሲቆርጥ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ። ምንሽሬን አፈፍ አድርጌ፣ እያቀባበልኩ ቁልቁል ሮጥኩ።

ከጉሙ ውስጥ የወጣሁት ድንገት ነው። ጋሽ ኃይሉ ተደፍተዋል፣ ነብሩ በላያቸው ነው። አንዱ መዳፉ ጭንቅላታቸው ላይ ነው፤ ግራ ክንዳቸው አፉ ውስጥ ነው። ጠመንጃቸው ከሥራቸው ተጣብቋል፣ ማንገቻውም ቀኝ እጃቸውን ጠፍሮ ይዞታል። እኔ ራሴ የሰፋሁት ማንገቻ ነው፣ መቼ ይበጠሳል! ምንሽሬን ደገንኩ፤ ግን ሰውየውና አውሬው አንድ ሆነዋል። ቢጫ ቆዳ አያለሁ፣ ወዲያው የእሳቸው ካፖርት ይሆናል። ከሥር ድምፃቸው መጣ፤

«እንዳትተኩስ!»

ነብር አፉ ውስጥ ከቶ እያኘከው፣ ያ ሰው የሚያስበው ስለ እኔ ጥይት ነበር። አልተኮስኩም።

ያኔ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዘሃራ በዲማ ጀርባ፣ ያለ ኮርቻ፣ ከጉሙ ወጣች። ባዝራዋ ነብሩን ያየች ጊዜ በኋላ እግሮቿ ቆመች፣ ዓይኗ ነጭ በነጭ ሆነ። ውርንጭላዋን የበላው አውሬ ሽታ ነው! ዘሃራ ጎተተቻት፣ ረገጠቻት፤ እንቢ አለች። ማንም ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ዘሃራ ግን ዱብ ብላ ወረደች፣ የራሷን ሻሽ ፈታች፣ የባዝራዋን ዓይን አሰረች። ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር አለቻትና ተመልሳ ወጣች። ይህን ሁሉ ስታደርግ እጇ አልተጣደፈም። እኔ ቆሜ የማየው እጇን ነበር።

ከዚያ ለቀቀቻት። ማየት የማትችል ባዝራ፣ በድንጋይና በበረዶ ላይ፣ በሁለት ጉልበትና በአንድ ድምፅ ብቻ እየተመራች ጋለበች። በሙሉ ደረቷ ነብሩን መታችው። አውሬው ከጋሽ ኃይሉ ላይ ተነቅሎ ተንከባለለ። ባዝራዋ ተደናቀፈች፣ ተነሣች፣ ዘሃራን ይዛ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ነብሩ ሲነሣ ፊት ለፊቱ ያለሁት እኔ ነኝ። ጆሮው ተለጥፏል። ሲዘል አየሁት፣ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ፒያሳ ላይ እንደ ውሃ የሚፈሰው የጠመንጃ ቅባት እዚያ ላይ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ውስጥ ያለው መርፌ ከብዶት ጥይቱን በቅጡ አልመታውም። ጠመንጃውን አግድም ከፊቴ ከማድረጌ ደረቴ ላይ ሆነ። ሰደፉን ነከሰው፤ የእንጨቱ መሰንጠቅ እጄ ላይ ተሰማኝ። ትንፋሹ ትኩስ ነው። ወደ ኋላ ስንገዳገድ በረዶው ከሥሬ ተሰበረና ሁለታችንም ውሃው ውስጥ ገባን።

ያ ውሃ ብርድ አይባልም፤ ሌላ ስም ያስፈልገዋል። ነፍሴ ከሥጋዬ የወጣች መሰለኝ። ነብሩም ደነገጠ መሰለኝ፣ ለቀቀኝ። እሱ ወደ ዳር ወጣ፣ እኔ ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ለአንድ አፍታ ተያየን። ልጆች፣ ሊገድለኝ የመጣ ነው፣ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ እንደዚያ ያለ ቆንጆ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ከወርቃማው ጠጉሩ ላይ እንፋሎት ይነሣል፤ ዓይኑ ሐይቁን ያህል ጥልቅ ነው።

ከዚያ ዓይኑን ከእኔ አነሣ። ጋሽ ኃይሉ በአንድ እጃቸው እየዳሁ ከጠመንጃቸው ለመላቀቅ ይታገሉ ነበር። ነብሩ ወደ እሳቸው ዞረ፣ ሆዱን ወደ መሬት አወረደ። ያልሠራውን ጥይት አውጥቼ ሌላ አገባሁ። ጣቴ የእኔ አይመስለኝም፤ ቃታውን ሲነካው አላውቀውም፣ በዓይኔ አይቼ ነው ያስቀመጥኩት። ሳብኩ። ጠመንጃው ጮኸ። ነብሩ ሊዘል ሲል ባለበት ተዘረጋ። የፊት እግሮቹ የተሰበረው በረዶ ላይ አረፉ።

ዘሃራ ባዝራዋን እየጎተተች በእግሯ መጣች፤ ክንዷ ተልጦ ይደማል። ነብሩን አላየችውም፤ ቀጥታ ወደ ጋሽ ኃይሉ ሄደች። የራስ ቅላቸው ቆዳ ከጆሮ እስከ አናት ተገልጧል፣ ትከሻቸው ተቀዷል፣ ክንዳቸውን ልነግራችሁ አልፈልግም። የነብር ጥፍርና ጥርስ የበሰበሰ ሥጋ አለበት፤ የሚገድለው ቁስሉ ሳይሆን ከቁስሉ ውስጥ የሚቀረው ነው። ተሸክመን ወደ እሳቱ ወሰድናቸው። ውሃ አፍልተን፣ ጨው በትነንበት፣ ሲበርድ ቁስሉን ሁሉ አጠብነው። ጋሽ ኃይሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ቻሉት፤ ዘሃራ ሁለተኛውን ጨው ስትጨምር ግን፣

«ቋንጣ ልታደርጊኝ ነው?» አሉ።

በእውነት ሳቅን። እኔ እየሳቅሁ እንባዬ ይወርድ ነበር።

እንግዲህ ማውረድ ነው። በአንዱ ፈረስ ኮርቻ ላይ አስቀመጥናቸው፣ እንዳይወድቁ በቆዳ ማሰሪያ ከኮርቻው ጋር አሰርኳቸው። ጉሙ አልተነሣም፤ ጭራሽ በረዶ ይቀላቅል ጀመር። መንገዱን ማየት አይቻልም። ዘሃራ ከፊት የዲማን ልጓም ለቀቀችላት። «ቤቷን ታውቃለች። እኔ ብመራት እሳሳታለሁ» አለች። ዲማ አፍንጫዋን መሬት ላይ አድርጋ፣ ረግረጉን እየዞረች፣ ጠጠሩን እየሸሸች ወረደች፤ እኛም ተከተልናት።

ጋሽ ኃይሉ ደም ፈሷቸዋል፤ ራሳቸው ወደ ደረታቸው ይወድቅ ጀመር። ከተኙ እንደማይነሡ ሦስታችንም እናውቃለን። ዘሃራ ከጎናቸው እየሄደች፣ «ኦቦ ኃይሉ፣ አገርዎን ንገሩኝ» አለቻቸው።

«የቱን አገር?»

«ፒያሳን። አላየሁትም። ሲገቡ መጀመሪያ ምን አለ?»

ከዚያ ቀስ ብለው ጀመሩ። «ከቴዎድሮስ አደባባይ... ሽቅብ ነው።»

«እሺ። ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ... በስተቀኝ መጻሕፍት መደብር።»

«ቀጥሎስ?»

«ፎቶ ቤት። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነገረኛ ነው።»

«ይሁን። ቀጥሎስ?»

እንዲህ እያለች ፒያሳን በሙሉ አዞረቻቸው። ወርቅ ቤቶቹን አንድ በአንድ አስጠራቻቸው፣ ኬክ ቤቱን፣ ሲኒማውን፣ ጊዮርጊስን አስዞረች፤ ሲጨርሱ ወደ አምስት ኪሎ፣ ወደ ሥላሴ ወሰደቻቸው። አንዳንዴ መልስ ይጠፋል። ያኔም እሷ ድምፅዋን ሳትቀይር «ቀጥሎስ?» ትላለች። አንድ ጊዜ ዝምታው ረዘመ፤ በጣም ረዘመ። እጃቸውን ጨበጥኩ፣ ቀዝቅዟል። «ቀጥሎስ?» አለች። መልስ የለም። «ኦቦ ኃይሉ፣ እዚህ መሀል መንገድ ላይ ትታችሁኝ ልትሄዱ ነው? አገሩን አላውቀው!»

ዓይናቸውን ገለጡ። «እንግዳማ... መሀል መንገድ አይተውም» አሉ። «ቀጥሎ ጫማ ቤት ነው።»

በቆጂ ስንገባ መሽቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች እህል የጫነ መኪና አስቁመው አሳፈሩን። አዲስ አበባ ሆስፒታል ገቡ፤ ለረጅም ጊዜ ተኝተው ዳኑ። ሐኪሙ ቁስሉ እዚያው ላይ በጨው ውሃ ባይታጠብ ኖሮ እዚህ አይደርሱም ነበር ብሎ ነግሮኛል። ግራ እጃቸው ግን ዳግም አልተጨበጠም። ለጠየቃቸው ሁሉ፣ «ነብሩ ጡረታዬን ፈረመልኝ» ይሉ ነበር። የነብሩን ቆዳ የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መስክረውልን ለመንግሥት አስረከብነው፤ ፈቃዱ ለአጋዘን ነበርና። ትክክል ነው። እንደዚያ ያለ ነገር ቤቴ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል አፍር ነበር።

ዘሃራ ዝናቡ ሳይገባ ልትጠይቃቸው መጣች። እጃቸውን በሻሽ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄደው ተቀበሏት። ቴዎድሮስ አደባባይ ከታክሲ ወረድንና ሽቅብ በእግራችን ሄድን፤ በዚያ ዳገት የምትደክመው እሷ ሳትሆን እኛ ነበርን። መንገድ ስትሻገር መኪና አትጠብቅም፤ እጇን ትዘረጋለች፣ መኪናው ይቆማል። አንድ ሾፌር መስኮት ከፍቶ ሊሳደብ ሲል ፊቷን አየና ዝም ብሎ ዘጋው። ጋሽ ኃይሉ ከጎኗ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብለው ይሄዱ ነበር። የሚያውቃቸው ሁሉ ሰላም ሲላቸው፣ «ተዋወቋት፤ እኔን የወለደችኝ ሴት ናት» ይላሉ። በዕድሜ ልጃቸው ናት!

ኬክ ቤት ገብተን ማኪያቶ አዘዝንላት። ባረፈች ጊዜ ብዙ ወር ሳስበው የኖርኩትን ጠየቅኳት። «ዘሃራ፣ ያን ጊዜ አልፈራሽም?»

«ፈራሁ እንጂ» አለች። «እንዴት አልፈራም? ከዲማ የበለጠ ፈራሁ።»

«ታዲያ እንዴት ሄድሽበት?»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። መልሱ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ለምን እንደጠየቅኳት የገረማት ትመስል ነበር። «እሷም አየችው፣ እኔም አየሁት። ሁለታችንም እያየነው መሄድ አንችልም። ስለዚህ እሷ አትይ፣ እኔ ልይላት አልኩ።»

ጋሽ ኃይሉ ቀልድ ያጡት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተራራ ወጥቻለሁ፤ ሰው መርቻለሁ፤ በጉም ጠፍቻለሁ፤ ብርድ ያንቀጠቀጣቸውን፣ ተስፋ የቆረጡትን ይዤ ወርጃለሁ። ልቤ ከማንም በላይ ደፋር ሆኖ አይደለም። በየጉዞው አንድ ሰው ፈርቶ ሲቆም ሳይ፣ ያ ሰው እንዳያይ አድርጌ እኔ አይለታለሁ። እናንተም ነገ ሐይቁ ዳር ስታድሩ ነፋስ ይመጣል፣ ድምፅ ይሰማል፣ ከእናንተ አንዱ ይደነግጣል። አትሳቁበት፤ አታባብሉት። ወደ እሳቱ ዙር በሉትና አንዳችሁ ወደ ጨለማው ዙሩ።

ይኸው ጫማው አለቀ። ልካው እስቲ።